ሰላዩ ሲያልፍ ብድግ አልኩ

ባለፈው ሳምንት ከሴንትራል ፓርክ በባቡር ወደ ዳውንታውን ስሄድ አንድ ሐበሻ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ዞር ብዬ ሽማግሌውን ፈለግኩ። ከኋላዬ ያለው በሩ ብቻ ነው። ጸጉሬን ጥቁር ከተቀባሁ እኮ ገና ሦስት ቀኔ ነው!

ያኔ ነው አክተርነቴ ትዝ ያለኝ። አትሳቁ፣ አንድ ፊልም ላይ አለሁ፤ አስር ሰከንድ ያህል።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ በማግስቱ የሚቀልጥበት ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት፣ አምስት እንግሊዞች በአንድ ቫን መጡ። የስለላ ፊልም ሊሠሩ ነው። የፓርኪንጉ ባለቤት የዳይሬክተሯ አጎት ስለሆነ ቦታው በነጻ ነው። ፊልም ሲባል መቶ ሰው የሚተራመስ ይመስለኝ ነበር። እነሱ ካሜራቸውን ዊልቸር ላይ አስረው ይገፋሉ፤ መብራቱን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ያንጸባርቃሉ፤ ዝናቡን በእኛው የውሃ ጎማ ያዘንባሉ። በካሜራዋ ቀዳዳ አንዴ አሳዩኝ። እመቤቴን፣ ፓርኪንጌን አላወቅኩትም! ስረግጠው የምውለው የዘይት ጠብታ ራሱ ምስጢር የያዘ መሰለኝ።

ዳይሬክተሯ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል። «ቁጭ በልና ጋዜጣህን አንብብ» አለችኝ። «ሰላዩ ሲያልፍ አታየውም። ማንም አያስተውለውም። ይሄ የፊልሙ መጨረሻ ነው፣ ካሜራው ውስጥ የቀረን ጥቅል ደግሞ ለሦስት ሙከራ ብቻ ይበቃል።»

ሰላዩን ሆነው የሚሠሩት ሰው ሰባ የሚሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። ቅድም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያካፈልኳቸውን ድፎ ዳቦ ሲበሉ ፍርፋሪው ኮታቸው ላይ ቀርቷል። «አክሽን!» ሲባል ግን ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ። እርምጃቸው የሌላ ሰው ሆነ። ጸጉሬ ቆመ። እኔም አብሬው ቆምኩ።

«ካት! ለምን ተነሣህ?»

«ሽማግሌ ናቸዋ።»

«ሰላይ ነው!»

«ሰላይ አይሸመግልም እንዴ?»

በሁለተኛው ወንበሩን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ጉልበቴን ያሳደገችው ግን እናቴ ናት፤ እኔን አይሰማም። ከነወንበሩ ተነሣሁ።

ዳይሬክተሯ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የአምስት ሰው ልፋት በእኔ ጉልበት ላይ ተንጠለጠለ። «እባካችሁ እሰሩኝ» አልኩ፣ ከልቤ ነው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው «ተዉት፣ ይነሣ» አሉ።

በሦስተኛው ተነሣሁ። ማንም አያውቀኝም ብለው ሲሾልኩ የነበሩት ሰው ቀጥ አሉ። አዩኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝና፣ ባዶ ራሳቸውን በዚያ የጎማ ዝናብ ውስጥ ወጥተው ሄዱ። «ካት» የሚል ሰው ጠፋ። ዳይሬክተሯ ታለቅሳለች። የፊልሙ መጨረሻም እሱ ሆነ።

ፊልሙን ያየ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ልጄ እንኳ «ዳድ፣ ኢትስ ሶ ስሎው» ብላ፣ ቀርፋፋነቱ ሰልችቷት ከመሃል ተወችው።

ባቡሩ ውስጥ ጎረምሳው አሁንም ቆሞ ይጠብቀኛል። በዚያ ሁሉ ቀለም ማንም አያውቅብኝም ስል ከርሜ፣ ይኸው ታወቅኩ። የሱፍ ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ አንገቴን ዝቅ አደረግኩለትና ተቀመጥኩ።