አያቴ ያላስቀዳው ዘፈን

አያቴ ቶም የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ በአውራ ጣቱ መምታት ሲጀምር ባሮ ዳር የተቀመጠው ሁሉ ወሬውን ያቆም ነበር። ወጣት ሳለ በከተማው ባንድ ጊታር ተጫውቷል፤ ሲያረጅ የብረት ምላስ ወዳላት ወደዚች ትንሽ ሣጥን ተመለሰ። ልቅዳ ብዬ ስልኬን ሳወጣ በመዳፉ ይሸፍነዋል።

«ስልክ ይሰረቃል። አንቺን ግን ማን ይሰርቅሻል፣ በዚህ አፍሽ!»

እስቅና ትንሽ ዘፍኜ እነሳለሁ። ቁጭ ማለት አልወድም፤ ነገ ይደርሳል እል ነበር።

በዘፈኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሟች ወንድሙ ሁለት ስንኝ ገጥሟል። አያቴን ከቀበርን ወዲህ የታናሽየው ስንኝ ጠፍቶብኛል። ቅዳሜ ለመታሰቢያው ዝፈኚ የምባለው እኔ ነኝ። የታናሽየው ልጅ ከአቦቦ ትመጣለች። አባቷ ሲሞት ገና አልተወለደችም፤ ስንኙንም ሰምታው አታውቅም፣ ልትሰማው ነው የምትመጣው። ፈርቻለሁ። ከፊት ነው የምትቀመጠው።