ወንድሜ ያልጨረሰው ፊልም

የእህቴ ልጅ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ «አክስቴ፣ በጣም የምትወጃቸውን ፊልሞች እስቲ ቁጠሪልኝ» ይለኛል። የኦቾሎኒው ሽታ ብቻ ደሜን ያፈላዋል።

በደርግ ጊዜ ሐረር ሲኒማ ቤት ገብተን፣ ኦቾሎኒያችንን እየበላን ከታላቅ ወንድሜ ጋር የህንድ ፊልም ስናይ መብራት በራ። የፊልሙ ጥቅል ሊቀየር መስሎን እንደልማዳችን አፏጨን። ለካ ወታደሮች በሩን ዘግተዋል። ጎረምሶቹን ሁሉ ለጦር ግንባር አፈሷቸው፤ ወንድሜንም ከጎኔ ወሰዱት። ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ እንባዬን እየጠረጉ «አይዞሽ ልጄ፣ ሲመለስ መጨረሻውን ያየዋል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

ውሸታም ሽማግሌ! ወንድሜ እንደወጣ ቀረ።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ስልኩን አነሳ። «ፊልሙ እኮ እዚህ አይጠፋም፤ ልክፈተው?»

ሞክራትና አሳይሃለሁ! ወንድሜ ሳያየው እዚህ ቤት ማንም አያየውም።