«ፍቅሬ፣ ምሳ እንዳትበላ»

ትናንት ልጄ ሐዋሳ ሆና የኔን ኮምፒውተር አስተካከለችልኝ። «እማዬ፣ አንቺ እጅሽን አንሺ፤ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አለችኝ በስልክ። አነሳሁ። የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቻውን ይሄድ ጀመር። ባለቤቴ ግርማ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ያለ እኔ የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የድሮው ቅናቴ ተነሳብኝ፤ እሱም የጀመረው እንዲሁ ከሩቅ በሚንቀሳቀስ ስክሪን ነው።

ያኔ ግርማ ገና ባሌ አልነበረም። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ማመልከቻ በሚጻፍበት ቤት ኮምፒውተሮቹን የሚይዘው እሱ ነበር። የቤቱ ባለቤት አብነት ሰፈርም አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው፤ እዚያ የምጽፈው እኔ ነኝ። የኔ ማሽን አሮጌ ስለነበረ ግርማ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነልኝ። የልደታው ጠንካራ ኮምፒውተር ገጽታ እንዳለ እኔ ክፍል መጥቶ በስክሪኔ ይታያል፤ እኔ እዚህ ስጽፍ የሚሠራው ያኛው ነው። አንዱ ማሽን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ገበታ፣ ማለትም የራሱን የስክሪን ገጽ፣ ይዘረጋል። «አንድ ቁጥር የሰናይት፣ ሁለት ቁጥር ያንቺ» አለኝ።

ሰናይት ልደታ አብራው የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች። ጣቶቿ ፈጣን፣ ሳቋ ረጅም። ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ ለኔ የሚተርፈኝ ማታ ማታ የሚሸኘኝ ያህል ነው። ለመቅናት ይኸው ይበቃኝ ነበር።

ክረምት ነው። ግርማ በመጪው እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እናቴ ከወዲሁ ቤት ማሰናዳት ጀምራለች። አንድ ረፋድ ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶብኝ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ በሁለት ፈንታ አንድ ቁጥርን ከፈትኩ። ተሳስቼ አልነበረም።

መስመሩ ደካማ ስለሆነ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። ባዶ ገጽ። ደንበኛ ፊት ላለመጯጯህ፣ ሰናይትና ጓዳ የተቀመጠው ሰው በዚያ ገጽ ላይ እንደሚጻጻፉ አውቃለሁ። ጓዳ የሚቀመጠው ደግሞ ግርማ ነው። ፊደሎቹ አንድ ባንድ ብቅ አሉ፦ «ፍቅሬ፣ ምሳ እንዳትበላ። ቋጥሬልህ መጥቻለሁ።»

ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ። ታክሲ አልጠበቅኩም። ጭቃው ጫማዬን ይስባል፤ ሌላ ጊዜ የምወደውን የበቆሎ ጥብስ ዞር ብዬ ሳላይ አለፍኩት። ስደርስ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ከጃንጥላው ውሃ ያራግፋል። እሱም ገና መድረሱ መሆኑን ልብ አላልኩም።

«እሁድ ሽማግሌ እንዳትልክ» አልኩት።

ምን እንዳጠፋ ጠየቀኝ። ሰናይት «ፍቅሬ» እያለች ምሳ እየቋጠረችለት ወደ እናቴ ቤት ሽማግሌ መላክ ምን ያደርግለታል አልኩት። እሱ ግን አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ተጣራ።

«ፍቅሬ!»

«አቤት» አለ ከጓዳ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ቀዮ ጣቶቹ በቀለም ጠቁረው ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ቀዮ ስለሚለው፣ ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግርማ ደንበኛ ዘንድ ሄዶ ስላረፈደ ጓዳውን ይዞ የቆየው እሱ ኖሯል። ሰናይት በእጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ምሳው ለማን እንደተቋጠረ ቤቱ ሁሉ በኔ ምክንያት አወቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ገበታ ላይ ምን አስቀመጠሽ?» አለኝ ግርማ ሳቁን አፍኖ። «አሁን ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«በጊዜ ይምጡ በላቸው።»

መጡ፤ ተጋባን። ሰናይትም ቀዮን አገባች።

ባለፈው ሳምንት ልታጽናናኝ መጥታ ነበር። ግርማ ማሽኑ አልነሳ ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምነው እንደነበር አጫወተችኝ። «ማሽኗን ‹እሜቴ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍሪኝ› ይላት ነበር እኮ።» በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እንዲህ ሲል አልሰማሁትም። እኔ ያላየሁት ስንት የግርማ ቀን እሷ ዘንድ አለ። ሞት ቅናትን ያበርዳል ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ የሚቀናበትን ያሳንሰዋል እንጂ አያበርደውም፤ አሁን የምቀናው በአንዲት ቃል ነው። ለመሄድ ስትነሳ ነጠላዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት።

«ሌላስ?» አልኳት። «ሌላስ ምን ይል ነበር?»