ክርስቲ የሚለው ስም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ክርስቲ ከዳብሊን ደወለችልኝ። ልጇ ለትምህርት ቤት የእናቷን ስም ትርጉም ጽፋ እንድታመጣ ታዝዛለች። «ጋሼ፣ የእኔ ስም ሚኒንጉ ምንድነው?» አለችኝ። ይሄው ጥያቄ እኔን ግራ ካጋባኝ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

በፈረንጆች ሰማንያዎቹ፣ እኔና እህቴ አስናቀች ከሱዳን መጥተን ኦክላንድ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ባሏ ወረቀቱ አላልቅ ብሎት ካርቱም ቀርቷል፣ እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ እኔ ሳን ሆዜ ስኪ የሚባለውን የበረዶ ላይ መንሸራተቻ በሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ጫማ እወለውላለሁ። ባሏ «የልጁን ስም አጎቱ ያውጣ» ብሎ ጽፎልኝ ስኮራ ለጉድ ነው። ሴት ከሆነች አንቺናሉ እላታለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ምጥ ሲመጣም ከጎንሽ አልለይም ብዬ ምዬላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አለቃዬ ሠራተኞቹን ወደ በረዶው ተራራ ወሰደን። ቀኗ ገና ነው ብዬ ሄድኩ። ስወድቅ ስነሳ ውዬ፣ ካልሲዬ እንደራሰ ቤት ስገባ ማንም የለም። ጎረቤት ነግሮኝ ሆስፒታል ስደርስ ልጅቱ ተወልዳለች፤ ወረቀቷ ላይም «ክርስቲ» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ስም ነዋ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኛ ዘንድ ስም ዝም ብሎ አይወጣም፤ ቤቱ ያየውን ይናገራል። ሰኞ አለቃዬን ጠየቅኩት። «ክርስቲ ማለት ስኪዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ መታጠፍ ነው፤ ክርስቲያኒያ ከምትባል የኖርዌይ ከተማ የመጣ» አለኝ። ከተማዋ ደግሞ በንጉሥ ስም ተሰይማ፣ በኋላ ስሟ ተቀየረ አሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ በበኩሏ «ክርስቲያን ማለት ነው» አለች። በአውቶቡስ ስመለስ ንጉሡም ከተማውም መታጠፉም ተምታታብኝ። እህቴ እንደሆነ በረዶ ረግጣ አታውቅ።

ክርስትና ስናነሳት፣ ሳህን እያቀበለችኝ አስናቀች ራሷ ነገረችኝ። «ክርስቲ ነርሷ ናት። ከጠዋት ጀምራ እጄን ይዛኝ ነበር። ሺፍቷ አልቆ እንኳ አልሄደችም።» አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ሳላያት በላሁ።

ለክርስቲ ይህን ደፍሬ ነግሬያት አላውቅም፤ ሁሌም የስኪውን ነበር የማወራላት። አሁን ግን «እጅ ይዛ የቆየች ማለት ነው» ብዬ ስለ ነርሷ አጫወትኳት። እሷም፣

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችኝ።

«በረዶ ላይ» አልኳት። አባቷ ስሙን አጎቱ ያውጣ ብሎ አልነበር? ይኸው፣ ባለመገኘቴ እኔው አወጣሁት።