«አይበርም» ያለው መካኒክ

ዛሬ እናቴ ልትሳፈርበት የነበረው ሄሊኮፕተር ሊነሳ ሲል መካኒኩ «አይበርም!» አለ።

እማዬ ነርስ ናት። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ወደ መፋዛ ከተማ መድኃኒት ይዛ ልትበር ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት።

መካኒኩ የመሪውን ዘንጎች እየወለወለ በባትሪና በማጉያ መነጽር አያቸው። አንዱ ዝጎ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ደንቡ ደግሞ ሳይቀየር መነሳት አይፈቅድም።

አብረዋት ሊሳፈሩ የነበሩ አንድ ሐጂ ተቆጡ፦ «ትናንት በርሮ የለም እንዴ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!»

«ሐጂ፣ ዛሬ ግን ችግር አለ» አላቸው መካኒኩ።

በአንድ ወቅት ታላቅ ወንድሜም የሚነዳው ሎሪ መሪ ዘንግ መሰንጠቁን ሲነግሩት «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ፣ በሽቦ አስሮት ወደ ድንበሩ ከተማ ገላባት ወጣ። ሎሪው ተገለበጠ፤ ሬሳውን አመጡልን።

እማዬ የመካኒኩን ግንባር ሳመች። «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ!» እሱ ግራ ገብቶት ግሪስ የነካው እጁን ከኋላው ደበቀ።

ሐጂ እስካሁንም ሳይቆጡ አይቀሩም።

አሁን ቤት ተመልሰን እማዬ ከጓዳ «ሻንጣዬን የት ጣልከው አንተ?» እያለች ትጮህብኛለች። ስትጮህብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናንተንስ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ያተረፋችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝና አብረን እናመስግነው።