መናኸሪያ ሰፈር

አዲስ አበባ ያደጉት የዶርም ጓደኞቼ ቡሬን «ትልቅ ከተማ» ስላት ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከገበዝ ማርያም ገጠር ካምፓስ ለገባች ልጅ ቡሬ ትልቅ ናት፤ ባጃጁ፣ የእህል መኪናው፣ የማያውቁት ሰው ብዛቱ። ያን ዓመት ገና ሲደርስ መንገድ ተዘጋና ወደ አገሬ ወደ ቋሪት የሚሄድ መኪና ጠፋ። እናቴ በስልክ «በይ እንግዲህ እዚያው ዋዪ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ዶርም ተኝቼ ከምውል ብዬ መናኸሪያው አካባቢ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የበዓል ምሳ ከሚያዘጋጁ ወጣቶች ጋር ተቀላቀልኩ። ለጽድቅ አስቤ እንዳይመስላችሁ፤ ብቻዬን መብላት ስለምጠላ ነው።

በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። በበዓሉ ዕለት ጭልፋ ሰጡኝ። ለምሳው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዓባይ ማዶ ቤታቸውም እርሻቸውም ጠፍቶባቸው የመጡ። ወጥ ልጨምርላቸው ስል ሳህኑን በእጃቸው ከለሉት።

«በቃኝ ልጄ። ኸከበደኝ እንዴት ሁኘ እጫወታለሁ?»

«የምን ጨዋታ?»

«ዛሬ ገና አይደለም እንዴ?» አሉኝ፣ እንደ ጅል እያዩኝ።

ለካ ከድንኳኑ ጀርባ ካለው ሜዳ የሚመጣውን ጩኸት ሲያዳምጡ ኖሯል። የገና ጨዋታ በእኛ አገር ሰፈር ከሰፈር ነው፤ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ እየተሻሙ ግብ ማግባት። ያሸነፈው ሰፈር እየጨፈረ ተሸናፊው ቤት ይገባል፤ በክብር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። በዚያን ዕለት ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን ድባቅ መትቶ በስድብ ግጥም መግቢያ መውጫ አሳጥቶታል።

ሽማግሌው ተነሡ። አብረዋቸው የሚያድሩትም ተከተሏቸው። እኔም ጭልፋዬን እንደያዝኩ ከኋላ ገሰገስኩ።

የላይ ሰፈር አለቃ አንድ እህል ነጋዴ ነበር። ሽማግሌው ፊቱ ቆመው «ኸኛም ጋራ አንድ ጊዜ ግጠሙ» አሉት። ሰውየው አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ «አባቴ፣ ገና የሚጫወቱት ሰፈር ለይተው ነው። የእርስዎ ሰፈር የትኛው ነው?» አላቸው።

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ዞረው ወደ ድንኳኑ አዩ። ያን ፊታቸውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። የተከለከሉት ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ እዚህ ከተማ የሉም ነው የተባሉት።

«መናኸሪያ ሰፈር!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከጭልፋዬ ወጥ ይንጠባጠባል።

«እንዲህ የሚባል ሰፈር የለም» አለ ነጋዴው።

«ከዛሬ ጀምሮ አለ!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። የጨዋታው ዳኛ አንድ ቄስ ነበሩ። ጭራቸውን ወዝወዝ እያደረጉ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ለመሆኑ የት ነው የሚያድሩ?»

«መናኸሪያው አጥር ሥር፣ አባ። ይኸው ክረምቱንም በጋውንም።»

«እንግዲያ ክረምት ኸበጋ ያደሩበት ሰፈርዎ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አሉ ቄሱ። «ዱላ ስጧቸው።»

ዱላውን እየተሻሙ ያቀበሏቸው ሽንፈቱ ያንገበገባቸው የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው።

አጀማመራችን አሳፋሪ ነበር። ግማሹ ባዶ እግሩን ነው። አንዱ ሱሪው እየወረደ አስቸግሮት በአንድ እጁ ሱሪ፣ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ ይሮጣል። ላይ ሰፈር ወዲያው አገባና ሳቁ ቀለጠ። ሽማግሌው ግን አይሮጡም፤ መሐል ቆመው «ልቀቃት! በቀኝ ዙር! ቀድመህ ጠብቃት!» እያሉ ያዛሉ። ላይ ሰፈሮች ሁሉም አዛዥ ሆነው ሲጯጯሁ የእኛዎቹ የሽማግሌውን ድምፅ ብቻ መስማት ጀመሩ። ባለሱሪው አቻ አደረገን። ሁለት እጁን ለዱላው ሰጥቶ ስለነበር ሱሪው የት እንደደረሰ አልናገርም።

ከዚያ ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ ሽማግሌው እግር ሥር መጣች። ነጋዴው ራሱ እየሮጠ መጣባቸው። አልቸኮሉም። ዱላቸውን አነሡና አንዴ ብቻ መቱ። ሩሯ ስትገባ አላየሁም፤ ጩኸቱን ነው የሰማሁት። ሲሰደብ የዋለው ታች ሰፈር በሙሉ ሜዳው ውስጥ ገባ። ጭልፋዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም።

ነጋዴው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልማዱን አልካደም። እየጨፈርን ቤቱ ስንደርስ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ግቡ» አለን። ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆም አሉ።

«ይችን በር አውቃታለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለልመና ቆሜባታለሁ።»

የሚመለሱ መስሎኝ ፈራሁ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ከሁላችንም ቀድመው ገቡና ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጠላ አቀረበችላቸው። ተቀብለው ቀመሱ፣ አጣጣሙ። ምርቃት ሊከተል ነው ብለን ሁላችንም «አሜን» ልንል እጃችንን ዘረጋን።

«ቀጥኗል» አሉ።

ነጋዴው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አጥፍተናል አባቴ» ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ «ኸጉሹ ጠላ አምጭላቸው!»

ሴትየዋ ወደ ጓዳ ፈጠነች። ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ጉሹን ጠበቁ።