ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ

ይህ የሆነው አምና ሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር በማኅበር ተደራጅተን በሠራነው አዲስ ሰፈር ውስጥ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እኛ አገር ደግሞ ክረምቱ መች ፋታ ይሰጣል?

ሰፈሩ ሲሸነሸን በየሁለቱ ጓሮ መካከል ለጎርፍ መውረጃ የሚሆን ጠባብ መሬት ተትቶ ነበር። በጋውን ማንም አላስታወሰውም። እኔም ኩሽና ሳሠራ አናጢው "ትንሽ ገፋ ላርገው?" ቢለኝ፣ "ገፋ አርገው" አልኩና ረሳሁት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሲወርድ ያደረው ዝናብ አላባራም። ሚስቴ ገና አራስ ናት። ውሃው ጓሮዬ ላይ ተኝቶ የቤቱን የጭቃ ግድግዳ ማራስ ጀምሯል። በጓሮ በር ብቅ ስል ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ አጥሩን ነቅለው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አርገው ድንበራችን ላይ በዶማ ይቆፍራሉ። ደሜ ፈላ። አጥራቸውን ወደ እኔ ሊያስጠጉ ነው ብዬ ቁርጥ አደረግሁ።

"እትዬ፣ ሰው በዝናብ ቤቱ ሲከተት ጠብቀው መሬት ይሰርቃሉ?" ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው አዩኝና "ጩኸቱን ተወውና አካፋ አምጣ፣ ልጄ" አሉኝ። ጭራሽ ባሰብኝ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፕላኑን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። "ይለካ!" አልኩ። የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዝኩትም እኔው ነኝ።

ተለካ። መውረጃውን ዘግቶ የቆመው የእኔ ኩሽና ሆኖ ተገኘ። እትዬ የሻረግ ይቆፍሩ የነበረው በገዛ መሬታቸው፣ የጎመን መደባቸው ላይ ነው፤ የእኔን ጓሮ ውሃ በእሳቸው ግቢ ሊያሳልፉት።

ሊቀመንበሩ "እና ጎመንዎን ለምን ያጠፋሉ?" አላቸው። እሳቸውም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው "ታዲያ አራስ ቤት ውሃ ሲገባ ቁጭ ብየ ልይ?" አሉና ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አካፋዬን ያመጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ኩሽናውን አፈረስኩ፤ ቦዩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ይቅርታ ብጠይቃቸው "ሁላችንንም ይቅር ይበለን" ብለው ስለ ልጁ ጤና ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ዘንድሮ ድክድክ ማለት ጀምሯል። እትዬ የሻረግ በቦዩ ላይ ባጋደሙለት ጣውላ ተሻግሮ ቤታቸው ይገባል። እኔ ግን ልወስደው ስወጣ፣ እስከ ዛሬ ከቦዩ ወዲህ ቆሜ ነው የምጣራው።